ማዕቀብ የሚያስቀረው ጎብኚን ብቻ አይደለም፤ ጥያቄንም ያስቀራል

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በሜይ 2018 ሀገራቸውን ከኢራን የኒውክሌር ስምምነት አስወጡ። ማዕቀቡ በኦገስትና በኖቬምበር በሁለት ዙር ተመልሶ ተጣለ። ብሪቲሽ ኤርዌይስና ኤር ፍራንስ በሴፕቴምበር ወደ ቴህራን የሚያደርጉትን በረራ አቆሙ። የኢራን ገንዘብ ሪያል በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የሀገሪቱ ቱሪዝም በዚያው ዓመት አበቃለት ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ቁጥሩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። በ2017 ወደ 5 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው ኢራን የገባ የውጭ ሰው ብዛት በ2018 ከ7 ሚሊዮን አለፈ። በ2019 ደግሞ 9 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ማዕቀቡ ሲጠብቅ ጎብኚው በዛ ማለት ነው።

እንዴት ሆኖ? መልሱ ያለው ከአውሮፕላን ማረፊያው ይልቅ የየብስ ድንበሩ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የመጣው ከኢራቅ፣ ከአዘርባጃን፣ ከአፍጋኒስታንና ከቱርክ ነው። አንዱ የማሽሃድን ወይም የቆምን መካነ መቃብር ለመሳለም ይመጣል፤ ሌላው ለሕክምና፤ ሌላው ደግሞ ሪያል ስለወደቀ ዕቃ በርካሽ ለመሸመት። ለዚህ ጎብኚ የባንክ ካርድ መሥራት አለመሥራቱ ብዙ ጉዳዩ አይደለም። ጥሬ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ይገባል። በካሻንና በያዝድ አሮጌ የጭቃ ቤቶችን አድሰው የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ሰዎች ሲጠብቁት የነበረው ጀርመናዊና ፈረንሳያዊ ግን ቀረ። በመንግሥት ሪፖርት ላይ ዓመቱ የዕድገት ዓመት ነው። ለማረፊያ ቤቱ ባለቤት የኪሳራ ዓመት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው።

እነዚህን ሁለት እውነቶች ለይቶ ማሳየት፣ የትኛው ጉዳት ከማዕቀቡ፣ የትኛው ከራስ ቤት እንደመጣ መመዘን የተመራማሪ ሥራ ነው። ይህ ሥራ በኢራን ባለፉት ሃያ ዓመታት የሄደበት መንገድ ደግሞ ከቱሪዝም በላይ የሆነ ነገር ያስተምራል። ማዕቀብ የተጣለበት ሀገር የሚያጣው ዶላርና አውሮፕላን ብቻ አይደለም። ስለራሱ በትክክል የመጠየቅ አቅሙንም ቀስ በቀስ ያጣል። ይህን አቅም የሚነጥቁት ደግሞ ከውጭ ማዕቀቡን የጣሉት ብቻ አይደሉም።

▪️ ያልተከለከለው ጉዞ

መጀመሪያ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ኢራንን መጎብኘት በአሜሪካ ሕግ እንኳ የተከለከለ አይደለም። ኩባ ለአሜሪካውያን የተለየች ናት፤ ወደ እሷ ለሽርሽር መሄድ በሕግ ተከልክሏል። የኢራን ማዕቀብ የተመሠረተበት ሕግ ግን ለጉዞ የሚደረግ የተለመደ ወጪን ከክልከላው ውጭ ያደርገዋል። በወረቀት ላይ ቱሪስቱ ነፃ ነው።

ጉዞ ግን በሌሎች ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ ማዕቀቡ የመታውም እነዚያን ነው። የኢራን ባንኮች ከዓለም አቀፉ የክፍያ መልእክት መረብ ከስዊፍት በማርች 2012 ተቆረጡ፤ ከስምምነቱ በኋላ ቢመለሱም በ2018 መጨረሻ ብዙዎቹ እንደገና ወጡ። ቪዛና ማስተርካርድ በሀገሪቱ አይሠሩም። ኤርቢኤንቢ በኢራን ውስጥ አገልግሎት አይሰጥም። ኢራን ኤር ከኤርባስ 100፣ ከቦይንግ 80 አውሮፕላኖች ለመግዛት በ2016 ተስማምቶ ነበር። ከኤርባስ የደረሱት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከቦይንግ አንድም አልደረሰም። ቱሪስቱ ይዞት የሚመለሰው የፋርስ ምንጣፍ ሳይቀር ወደ አሜሪካ እንዳይገባ በ2010 ታገደ፣ በ2016 ተፈቀደ፣ በ2018 ደግሞ ተመልሶ ታገደ።

ከሁሉ ረቂቁ ግን የቪዛው ጉዳይ ነው። በዲሴምበር 2015 በአሜሪካ የወጣ ሕግ ከማርች 2011 ወዲህ ኢራንን የረገጠ አውሮፓዊ ወይም ጃፓናዊ ያለ ቪዛ አሜሪካ የመግባት መብቱን እንዲያጣ አደረገ። ሕጉ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2016 ነው፤ የኒውክሌር ማዕቀቡ በተነሳበት በዚያው ወር። በአንድ እጅ በሩ ሲከፈት በሌላው እጅ ደፉ ከፍ አለ። ለሥራ ኒውዮርክ የሚመላለስ ሰው ኢስፋሃንን ለማየት ሁለት ጊዜ ማሰብ ነበረበት። ኢራን በ2019 የጎብኚዎችን ፓስፖርት ማህተም መምታት ያቆመችው ይህን ፍርሃት ለማቅለል ነበር።

እንግዲህ ጉዳቱ የሚታየው ተበታትኖ ነው፤ በባንክ፣ በመድን፣ በበረራ፣ በቪዛ፣ በፍርሃት። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ "ይኸውልህ ማዕቀቡ" ማለት አይቻልም። ነገርን ከሥሩ ለማየት ምርምር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

▪️ ሦስት ወቅቶች፣ ሦስት ጥያቄዎች

ስለ ኢራን ቱሪዝም የተጻፉትን ጥናቶች በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያይ ሰው ጥያቄው ራሱ ከፖለቲካው ጋር ሲገለባበጥ ያያል።

የመጀመሪያው ወቅት ከ2015 በፊት ያለው ነው። ኢራን በሃያ ዓመት ራዕይዋ በ2025 20 ሚሊዮን የውጭ ጎብኚ ለመቀበል ግብ አስቀምጣ ነበር። የዩኒቨርሲቲዎች የቱሪዝም ጥናትም በአብዛኛው ይህን ግብ ተከትሎ ሄደ። የየክፍለ ሀገሩን ዕምቅ ሀብት መዘርዘር፣ ጥንካሬና ድክመትን በሰንጠረዥ ማስቀመጥ፣ የገበያ ስልት መንደፍ የዘመኑ ሥራ ሆነ። ቅርስ እንደሆነ ሞልቷል። ፐርሴፖሊስ፣ ቾጋ ዛንቢልና የኢስፋሃኑ ናቅሽ ጃሃን አደባባይ በዩኔስኮ የተመዘገቡት አብዮቱ በፈነዳበት በ1979 ነው። ዛሬ የሀገሪቱ ቅርሶች በዓለም ቅርስ መዝገብ 29 ደርሰዋል። ጥያቄው "ይህን ሁሉ ይዘን ለምን ሰው አይመጣም?" የሚል ነበር። ይህን በግልጽ ከጠየቁት አንዷ በብሪታንያ ትሠራ የነበረችው የጋኔ ሞራካባቲ ናት። በ2011 ያሳተመችው ጥናት ርዕሱ ራሱ የኢራንን ቱሪዝም ወደኋላ ስለሚጎትቱ ነገሮች የሚናገር ነው።

ሁለተኛው የተስፋው ወቅት ነው። ስምምነቱ በጁላይ 2015 ተፈረመ። የፈረንሳዩ አኮር ኩባንያ በዚያው ዓመት በኢማም ኾሜይኒ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ሆቴሎች ከፈተ። የምርምሩም ቃና ተቀየረ። ማሱድ ኾዳዳዲ በ2016 ስለ ስምምነቱና ስለ ኢራን ቱሪዝም ያሳተመውን ጽሑፍ "አዲስ ንጋት?" ብሎ ነው የጀመረው፤ የጥያቄ ምልክቷን ልብ ይሏል። ስቲቨን ፕራትና ቫሂድ አሊዛዴ ደግሞ የማዕቀብ መነሳት በቱሪዝም በኩል ለኢራን ኢኮኖሚ ምን እንደሚያመጣ በኢኮኖሚ ሞዴል አስልተው በ2018 በታተመ የምርምር መጽሔት ላይ አወጡ። ጥናቱ በመጽሔቱ ገጽ ላይ በወጣበት ዓመት ማዕቀቡ ተመልሶ መጣ። ተመራማሪው ተስፋን ለካ፤ ተስፋው ግን እስኪለካ አልጠበቀም።

ሦስተኛው ከ2018 ወዲህ ያለው ነው። የሀገሪቱ ጠቅላይ መሪ አሊ ኻሜኔይ በፌብሩዋሪ 2014 "የመቋቋም ኢኮኖሚ" የሚለውን ፖሊሲ በይፋ አውጥተው ነበር። ከ2018 በኋላ ይህ ቃል ወደ ቱሪዝም ጥናቱም ዘልቆ ገባ። የሀገር ውስጥ ጉብኝት፣ የመንደር እንግዳ ማረፊያ፣ የሕክምና ጉዞ፣ የሃይማኖት ጉዞ፣ የጎረቤት ሀገር ገበያ የጥናት ርዕሶች ሆኑ። "አውሮፓዊውን እንዴት እናምጣው?" የሚለው ጥያቄ "ያለ እሱ እንዴት እንቆይ?" በሚለው ተተካ።

በዚሁ ወቅት ግን አንድ በጎ ነገር ተወለደ። በፊንላንዱ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢራናዊው ሲያማክ ሰይፊና የኒውዚላንዱ ማይክል ሆል ማዕቀብን ራሱን የጥናት ርዕስ አደረጉት። በቱሪዝም፣ ማዕቀብና አድማ ላይ ያዘጋጁት መጽሐፍ መንግሥት የሚጥለውን ማዕቀብ ግለሰቦች በራሳቸው ፈቃድ ከሚያደርጉት የጉብኝት አድማ ይለያል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማያንማር ጥሩ ምሳሌ ናት። ወታደራዊው መንግሥት 1996ን የጉብኝት ዓመት ብሎ ሲያውጅ አውንግ ሳን ሱ ቺ ጎብኚዎች እንዳይመጡ ጠየቀች። ያ ከውስጥ የመጣ ጥሪ ነበር፤ ፓርቲዋም ከ2010 ጀምሮ ጥሪውን አለዘበ። ማዕቀብ ግን የሚመታውን ሰው ፈቃድ አይጠይቅም። ይህን ለመላው ዓለም የሚጠቅም ሐሳብ ወደ መድረክ ካመጡት መካከል ከተመታው ሀገር የወጣ ምሁር መኖሩ ለኢራን ምርምር የሚያስከብር ነው። ግን ሥራው የተሠራው ከቴህራን ሳይሆን ከኦውሉ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል።

▪️ መርማሪውም ማዕቀብ ውስጥ ነው

በሕጉ መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች የማዕቀቡ ዒላማ አይደሉም። በተግባር ግን የሆነው እንደ ቱሪስቱ ነው፤ ሰውየው አይከለከልም፣ የሚሄድበት መንገድ ግን ይዘጋል።

የአሜሪካ ግምጃ ቤት በ2003 ከኢራን የመጣ የምርምር ጽሑፍን አርሞ ማሳተም ፈቃድ ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። በ2004 በምሁራን ጩኸት ተቀለበሰ። በ2013 ደግሞ ትልቁ አሳታሚ ኤልሰቪየር በኢራን መንግሥት ሠራተኞች የተጻፉ ጽሑፎችን አሜሪካውያን አርታኢዎችና ገምጋሚዎች እንዳይነኩ አሳሰበ። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ውጭ ነበሩ። አንድ አርታኢ ግን የሕግ ባለሙያ አይደለም። የላኪው አድራሻ የማን እንደሆነ ከመመርመር "ለእኛ መጽሔት አይስማማም" ብሎ መመለስ ይቀለዋል። እንዲህ ያለውን መልስ የተቀበለ ሰው የተመለሰበት በሥራው ይሁን በሀገሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከዚያ ገንዘቡ ይመጣል። አንድ ጽሑፍ ለማንም አንባቢ በነፃ ክፍት ሆኖ እንዲወጣ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ። የቴህራን መምህር በሪያል የሚከፈለው ደመወዝ ለዚያ አይበቃም፤ ቢበቃ እንኳ የሚልክበት ባንክ የለውም። ስለዚህ ጽሑፉ በክፍያ በር ኋላ በእንግሊዝኛ ይወጣል። ስለ ያዝድ ማረፊያ ቤቶች የተጻፈውን ጥናት የያዝዱ ባለ ማረፊያ ቤት ሊያነበው አይችልም። ኮርሴራ በ2014 ለኢራን ተማሪዎች ትምህርቶቹን እንደዘጋ፣ በ2017ም ሆነ በ2025 የወጡት የአሜሪካ የጉዞ እገዳዎች ኢራናውያንን እንዳካተቱ ሲታሰብ፣ የምርምር ጉባኤ ላይ ተገኝቶ መከራከር ለብዙዎቹ ምኞት ነው።

ርዕሱ ራሱ የሚመታበትም ጊዜ አለ። የማሽሃድ ኢማም ሬዛ መካነ መቃብር በኢራን ትልቁ የሃይማኖት ጉዞ መዳረሻ ነው። መካነ መቃብሩን የሚያስተዳድረውንና ሰፊ ንግድ የያዘውን አስታን ቆድስ ራዛቪን አሜሪካ በጃንዋሪ 2021 በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሀገሪቱ ዋና የሃይማኖት ቱሪዝም ከዚህ ተቋም ጋር አብሮ ለማጥናት የሚያስብ የውጭ ምሁር መጀመሪያ ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል። ብዙው ሰው ጠበቃ ከማማከር ርዕስ መቀየርን ይመርጣል።

ታዲያ ለቴህራኑ መምህር ምን ቀረው? በእጁ ያለው። የሀገር ውስጥ ጎብኚዎችን መጠይቅ ማስሞላት፣ እርካታቸውንና ተመልሶ የመምጣት ፍላጎታቸውን መለካት፣ በስታቲስቲክስ ሞዴል ማያያዝ። የውጭ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማንንም አያስቆጣም፣ ለመጽሔት ይበቃል። የማዕረግ ዕድገቱ ደግሞ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ባሳተመው ብዛት የሚወሰን ስለሆነ ብዛቱ ያስፈልገዋል። ኢራን በዓለም ብዙ የምርምር ጽሑፍ ከሚያወጡ ሃያ ሀገሮች አንዷ የሆነችው በዚህ ግፊት ጭምር ነው። የግፊቱ ሌላ ፊት ደግሞ ከቴህራን ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ባለው ኤንጌላብ ጎዳና ታይቷል። መመረቂያ ጽሑፍና የምርምር ወረቀት በገንዘብ የሚጽፉ ሰዎች በግላጭ ይሠሩበት የነበረ ጎዳና ነው። የወረቀቱ ብዛት ጨመረ ማለት ዕውቀቱ ጨመረ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

▪️ ከውስጥ ያለው አጥር

እስካሁን የተባለው ሁሉ የማዕቀቡ ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ማቆም ግን ግማሹን እውነት ብቻ መናገር ይሆናል።

በጃንዋሪ 2018፣ ማለትም ትራምፕ ከስምምነቱ ከመውጣታቸው በፊት፣ የኢራን የፀጥታ ኃይሎች የዱር እንስሳት ተቆርቋሪዎችን ያዙ። ሥራቸው በመጥፋት ላይ ያለውን የእስያ አቦሸማኔ በበረሃ በተተከሉ ካሜራዎች መከታተል ነበር። የተከሰሱት በስለላ ነው። ከመካከላቸው የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ካቩስ ሰይድ ኤማሚ በቀጣዩ ወር ኤቪን እስር ቤት ውስጥ ሞቱ፤ ባለሥልጣናቱ ራሳቸውን አጠፉ አሉ፣ ቤተሰባቸው አልተቀበለውም። የተረፉት ዓመታትን በእስር አሳለፉ። አውስትራሊያዊቷ ምሁር ካይሊ ሙር ጊልበርት በዚያው ዓመት ከጉባኤ መልስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘች፤ የተፈታችው በኖቬምበር 2020 ነው። በ2019 ፈረንሳያውያኑ ተመራማሪዎች ፋሪባ አደልኻህና ሮላን ማርሻል ታሰሩ።

በረሃ ውስጥ ካሜራ መትከል ለእስር ካበቃ፣ "የሆቴሎቹ እውነተኛ ባለቤቶች እነማን ናቸው?" ብሎ መጠየቅ ወዴት ያደርሳል? "የግዴታ ሂጃብ ስንት ጎብኚ አስቀረ? የውጭ ዜጎች መታሰርስ?" ብሎ ማስላትስ? በ2022 ማህሳ አሚኒ በሂጃብ ሰበብ ተይዛ ከሞተች በኋላ የተነሳው ተቃውሞና የተወሰደው ርምጃ ብዙ ጎብኚ እንዳስደነገጠ ማንም ይገምታል። ግምቱን ወደ ጥናት መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። በጃንዋሪ 2020 የኢራን ጦር የዩክሬንን የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ 176 ሰው ሲያልቅ ማዕቀብ የለበትም። እንዲህ ያሉ ነገሮች "ባህላዊ ገደብ" ወይም "አሉታዊ ገጽታ" በሚሉ ለስላሳ ቃላት ተሸፍነው ሲታለፉ ሁሉም የሚያየው ጉዳይ የማንም ጥናት ሳይሆን ይቀራል።

ውጤቱ እንግዳ የሥራ ክፍፍል ነው። ሀገር ውስጥ ያለው ምሁር መረጃው በእጁ አለ፤ ከባዱን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ነፃነቱ የለውም። ውጭ ያለው ነፃነቱ አለው፤ መስኩ ላይ ለመድረስ ግን ወይ ማዕቀቡን ወይ እስሩን ይፈራል። ሁለቱ እንዳይገናኙ ደግሞ ዋሽንግተንና ቴህራን ሳይመካከሩ ተባብረዋል።

▪️ "ተቋቋምን" የሚለው ቃል

ዛሬ በብዙ ጥናት ላይ የሚገኘው ተወዳጅ ቃል "አይበገሬነት" ነው። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ኢራናውያን አስጎብኚዎች የውጭ ሰው ሲቀርባቸው ወደ ሀገራቸው ሰው ዞረዋል። በየገጠሩ የመንደር ማረፊያዎች በርክተዋል፤ በከተማ ሥራ ያጡ ወጣቶች ወደ አያቶቻቸው ቤት ተመልሰው እንግዳ መቀበል ጀምረዋል። ይህ መከበር ያለበት ጥረት ነው።

አደጋው ያለው ጥረቱ ፖሊሲን የሚሸፍን ምስጋና ሲሆን ነው። "ዘርፉ ተቋቋመ" የሚል ጥናት ሁለት ወገኖችን ያስደስታል። ቴህራን ያለው ባለሥልጣን "ማዕቀቡ አልጎዳንም" ይላል። ዋሽንግተን ያለው ደግሞ "ማዕቀባችን ተራውን ሕዝብ አልጎዳም" ይላል። ቁጠባውን ጨርሶ ማረፊያ ቤቱን የዘጋው፣ ቋንቋ ተምሮ አስጎብኚ የሆነና ዛሬ ታክሲ የሚነዳው፣ ምንጣፍ ሠርታ ገዢ ያጣችው በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የሉም። መጠይቅ የሚሞላው እስካሁን የቆየው ነውና። የተሸነፈው ለመልስ አልቀረበም።

ሁለት ተቃራኒ ወገኖች ደግሞ ምርምሩን ጭራሽ አይፈልጉትም። አንደኛው "ሁሉም የጠላት ሥራ ነው" የሚለው ነው። ሌላው "ሁሉም የገዥዎቹ ጥፋት ነው፤ ማዕቀቡ ምንም አላደረገም" የሚለው። ሁለቱም መልሱን አስቀድመው ስለያዙ ጥያቄ ያስቸግራቸዋል። በ2018 እና በ2019 የሆነው ግን ሁለቱንም ያሳፍራል። ማዕቀቡ ጎብኚን በቁጥር አልቀነሰም፤ የጎብኚውን ዓይነት ግን ቀየረ፤ ገቢው የሚደርሰውን ሰውም ቀየረ። ይህን ማወቅ የሚቻለው ራስ በመቁጠር አይደለም። ስንት ሌሊት አደረ፣ የት አደረ፣ ስንት አወጣ፣ ለማን ከፈለ ብሎ በመጠየቅ ነው።

አንዳንዱ "መድኃኒት በጠፋበት ሀገር የቱሪዝም ጥናት ቅንጦት ነው" ይል ይሆናል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ነዳጅ በድብቅ መርከብ ይሸጣል፤ ገንዘቡም የት እንደገባ ጥቂቶች ያውቃሉ። የሆቴል ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሾፌሩ፣ አስጎብኚውና ምንጣፍ ሠሪዋ ግን ጉዳታቸውን የሚደብቁበት መርከብ የላቸውም። ማዕቀብ ተራ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከቱሪዝም የተሻለ መስኮት ጥቂት ነው።

▪️ 2025 እና ከዚያ ወዲህ

20 ሚሊዮን ጎብኚ የተቀጠረበት 2025 ደረሰ። በጁን ከእስራኤል ጋር የአሥራ ሁለት ቀን ጦርነት ሆነ፤ አሜሪካም የኒውክሌር ተቋማቱን ደበደበች። በሴፕቴምበር መጨረሻ ደግሞ በ2015ቱ ስምምነት የተነሱት የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀቦች ተመልሰው ተጣሉ። ግቡ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። አሁን የሚጻፉት ጥናቶች ምን ብለው ይጠይቃሉ? እንደገና "እንዴት እንቋቋም" ብቻ ከሆነ ሃያ ዓመት የተዞረበት ክብ አንድ ዙር ጨመረ ማለት ነው።

የሚስተካከለው ነገር ሩቅ አይደለም። አሳታሚዎች ለዩኒቨርሲቲ የተተወው ፈቃድ በግልጽ እንዲታወቅ አድርገው ጽሑፍ በአድራሻው ሳይሆን በይዘቱ እንዲመዘን ማዘዝ፣ መክፈያ መንገድ ከተዘጋበት ሰው ደግሞ ክፍያ አለመጠየቅ ይችላሉ። ማዕቀብ ጣይ መንግሥታት ጉዳቱን በነፃ የሚለኩ ጥናቶችን ማገዝ አለባቸው፤ የማይለካ ቅጣት ተጠያቂነት የለውምና። የኢራን መንግሥት ደግሞ በረሃ ውስጥ ካሜራ የሚተክለውን ሰላይ ማለቱን ካላቆመ የማዕቀቡን ጉዳት የሚመሰክርለት ታማኝ ምሁር ያጣል። ያሰረው ምስክሩን ነው።

▪️ ለኢትዮጵያ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ ኢራን አይደለችም። በሴፕቴምበር 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት የማዕቀብ ትእዛዝ በጦርነቱ ተሳታፊ በተባሉ ሰዎችና ተቋማት ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ሀገሪቱ ከአጎዋ ወጣች። ከኢራን ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ግን በ2024 መጀመሪያ ሁለቱም ሀገሮች ብሪክስን በአንድ ቀን ተቀላቅለዋል። ኤርትራም ቅርብ ናት፤ አስመራ በ2017 የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብ ሀገሪቱ በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ሥር ነበረች። ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም።

ላሊበላን ብቻ ብንወስድ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮሮና መጣ፣ በ2021 ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች፣ ኤምባሲዎች የጉዞ ማስጠንቀቂያ አወጡ፣ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚውና ባለ ሆቴሉ የትኛው ስንት እንዳጎደለባቸው የሚነግራቸው ይፈልጋሉ። ክርክሩ ግን እንደ ቴህራኑ ነው። አንዱ "የምዕራባውያን ጫና" ይላል፤ ሌላው "የመንግሥት ጥፋት" ይላል፤ ሦስተኛው "ኮሮና" ብሎ ያልፈዋል። ቱሪዝም ከ2019 ጀምሮ ከኢኮኖሚ ማሻሻያው አምስት ዋና ዘርፎች አንዱ ተብሏል። እንዲያ ከሆነ ስንት ሰው እንደገባ ከማወጅ ባለፈ የገባው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳደረና ለማን እንደከፈለ የሚጠይቅ፣ መልሱ ባያስደስትም የማይታሰር ተመራማሪ ያስፈልጋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ከውጭ የመጣውን በሽታ ብቻ የሚናገር ሰውም የራሱን ደብቋል። የኢራን የቱሪዝም ምርምር ሃያ ዓመት የከፈለው ዋጋ ይህ ነው። አንዱን በሽታ እንዳይጽፍ ውጭ ያሉት መንገዱን ዘጉበት፤ ሌላውን እንዳይጽፍ ውስጥ ያሉት አፉን ያዙት። በመካከል የቀረው የካሻኑ ማረፊያ ቤት ባለቤት ቤቱ ለምን ባዶ እንደሆነ እስካሁን በቁጥር አያውቅም።